በሁዳዴ የተውኳት ትንሽ ሙዚቃ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለቡ መብራት ኃይል፣ በአስተማሪዬ ሳሎን የነበርነው እነዚህ ነን። አስተማሪዬ ከፒያኖው በስተቀኝ ቆማለች፤ ኖታውን የምትገልጠው እርሷ ናት። አምስት የሚሆኑ ልጆች በረጅሙ ሶፋ ላይ ተደርድረዋል፤ ከመካከላቸው ነጭ ካልሲ ያደረገች፣ እግሯ ወለል የማይደርስ ትንሽ ልጅ አለች። እናቶቻቸው ከሶፋው ኋላ በምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት አባቶች ወንበር ስላልተረፈ በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ አንደኛው የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። እህቴ ለፒያኖው ከሁሉ በቀረበው ወንበር ላይ ናት፤ ቀኝ ጆሮዋን ወደ ፒያኖው አዙራለች። ልጇ ከኋላዋ ቆማ ትከሻዋን ይዛለች። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። መቀመጫ ተሰጥቶኝ ነበር፤ መቀመጥ አልቻልኩም።

እህቴ የመጣችው እኔን ልትሰማ ነው። ግራ ጆሮዋ ከተዘጋ ቆይቷል። ቀኙም እየደከመ ነበር፤ ሐኪሙ የመስሚያ መሣሪያ ቢሰጣትም «ይህም ለጊዜው ነው» ብሏታል። ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ልጅ ስለነበርኩ፣ ነፋስ ስልክ በከፈተቻት ትንሽ ሱቅ አሳድጋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስጨረሰችኝ እርሷ ናት። እርሷ ራሷ ከስድስተኛ አላለፈችም። በዚህ ሁሉ ዘመን ከእኔ የጠየቀችው ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከዚያ ቅዳሜ ጋር የተያያዘ ነው።

ፒያኖ የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና፣ ኋላ በኮምፒውተር ስጽፍ ነው። ቤት ስውል ጣቶቼ የሚያደርጉት አጡ። የእህቴ ልጅ፣ ልጆቿ ሰልችተው የተውትን የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ለቡ ወዳለው ኮንዶሚኒየሜ አመጣችው። ቤቷ ጠቧት ነው እንጂ እማርበታለሁ ብላ አይደለም። እኔም ዳንቴል አልብሼ እንደ ጠረጴዛ እጠቀምበት ነበር። አንድ ቀን ዳንቴሉን ለማጠብ ስገፍፈው ሶኬቱን ሰካሁና አንዱን ቁልፍ ነካሁ፤ ከዚያ ሌላውን። ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

በሳምንቱ ጎረቤቴ ልጇን ፒያኖ ወደምታስተምረው ሴት መራችኝ። አስተማሪዋ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የጨረሰች ወጣት ናት።

«ለልጅ ልጅዎ ነው እማማ?» አለችኝ በሩን ስትከፍት።

«ለእኔ ነው።»

አልሳቀችም። ፒያኖው ፊት አስቀመጠችኝና እጄን እንድዘረጋ ጠየቀችኝ። ከአውራ ጣቴ እስከ ትንሿ ጣቴ ሰባት ቁልፍ ያለ ችግር ደረስኩ፤ ስምንተኛው ላይ ለመድረስ አንጓዬ ተለጠጠ። «ሙዚቃ ስንመርጥ ይህን አንርሳ» አለች።

ያን ጊዜ ሙዚቃ እንደ ጫማ ቁጥር እንዳለው አላውቅም ነበር። ቆንጆ የሆነውን መርጦ መማር ብቻ ይመስለኝ ነበር። እርሷ የምትመርጥበት መንገድ ሌላ ነው። አዲስ ኖታ ፊቴ ታስቀምጥና በቀኝ እጄ ብቻ፣ ከዚያ በግራዬ ብቻ እንዳነብ ታዘኛለች። በየሦስት ኖታው ከቆምኩ አጥፋ መደርደሪያው ላይ ትመልሰዋለች። «ጊዜው አልደረሰም» ትላለች፤ መጥፎ ነው አትልም። ለጀማሪ አዋቂ የምትፈልገው ቀጠን ያለውን ነው፤ ቀኝ እጅ አንድ ነገር የሚልበት፣ ግራ እጅ አንድ ነገር የሚመልስበት፣ ሁለቱም በደንብ የሚሰሙበት።

«ልጆች ላይ የማይገጥመኝ ችግር አዋቂ ላይ አለ» ብላኝ ነበር። «የአዋቂ ጆሮ ከጣቱ ብዙ ዓመት ቀድሞ አድጓል። ትልቅ ነገር ሰምቶ ያውቃል። ትንሹን ስሰጠው ይንቀዋል።»

ሁለተኛ ያለችኝ ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ «አንድ ያለቀ ሙዚቃ ሁልጊዜ እጅዎ ላይ ይኑር። አዲስ ቢጀምሩም አሮጌውን በየቀኑ አንድ ጊዜ ይጫወቱት። ከተዉት ይሄዳል። ጣት አደራ አያውቅም።»

ሁለቱንም ምክር ሰምቻለሁ፤ ራሴን ነቅንቄ ተቀብያለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁሉንም ቁልፍ በእኩል ኃይል እየመታሁ አስቸገርኳት። ጣቶቼ የተገሩት በጽሕፈት መኪና ነው፤ በዚያ ሥራ ደግሞ አንዷ ፊደል ደምቃ ሌላዋ ከፈዘዘች ነውር ነው። «እማማ፣ ደብዳቤ እየጻፉልኝ ነው?» ትለኝ ነበር። «ለክቡር ሥራ አስኪያጅ» እላታለሁ። ያኔ ትስቃለች።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ትንሿን ሙዚቃ ሰጠችኝ። አንድ ገጽ ናት። ሚኑዌት ይሏታል፤ በሦስት በሦስት የምትቆጠር፣ ድሮ በፈረንጆች ቤተ መንግሥት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው እየተራመዱ የሚጨፍሩባት ዓይነት ናት። ቀኝ እጅ መሰላል እንደሚወጣ ሰው ወደ ላይ ትሄድና ጫፍ ላይ ስትደርስ ሐሳቧን ለውጣ ትመለሳለች። እጄን አትለጥጥም። ቀጭን ናት። አስተማሪዬ ፊቴን አይታ «ይቺ የእርስዎ ናት» አለች።

በገና ማግሥት እህቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ያን ጊዜ የማውቀው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ተጫወትኩላት። ወንበሯን አስጠግታ ጆሮዋን ከኪቦርዱ ድምፅ ማውጫ ላይ ልታሳርፈው ምንም አልቀራት።

«ድገሚያት» አለች።

ደገምኩ።

«አንቺ፣ እያንዳንዷን እኮ እሰማታለሁ። ቴሌቪዥኑ ለእኔ ጉርምርምታ ነው፤ ቄሱም እንደዚያው። ይቺ ግን አንድ በአንድ ነው የምትመጣው። ቀጥይ እንጂ!»

«እስከዚህ ነው የተማርኩት፣ እትዬ።»

«መጨረሻዋስ?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው ጆሮዬ ጨርሶ ሳይዘጋ ከዳር እስከ ዳር አሰሚኝ። መጨረሻዋን ልወቃት።»

እሺ አልኳት። ከእኔ የጠየቀችው ይህንን ነው።

ለመጨረስ ብዙ አልፈጀብኝም። የካቲት ሲገባ ሁለተኛውም ግማሽ በእጄ ገብቶ ነበር፤ እዚህም እዚያም እንቅፋት ይመታኛል እንጂ እስከ መጨረሻው እደርሳለሁ። ያኔ ታክሲ ተሳፍሬ ሄጄ «ነይ ስሚ» ብላት ያልቅ ነበር። እኔ ግን ለእትዬ ያልጠራ ነገር አላቀርብም አልኩ። ለእንግዳ ያልበሰለ አይቀርብም ተብሎ ነው ያደግኩት፤ ያሳደገችኝም እርሷው ናት። ጥቂት ላጥራት ስል ሁዳዴ ገባ።

በእኛ ቤት በሁዳዴ ዘፈን አይሰማም። ድሮ በሱቋ የነበረችው ሬዲዮ ከቅበላ ማግሥት ጀምሮ እስከ ፋሲካ ጨርቅ ለብሳ ነው የምትቆየው። ዜና እንኳ ጎረቤት ሄደን ነበር የምንሰማው። ይህን ልማድ እኔም ብቻዬን ስኖር አልተውኩትም። ስለዚህ በጾሙ መጀመሪያ ሳምንት አስተማሪዬ ቤት ሄጄ ትንሿን ሙዚቃ ከፒያኖው ላይ አነሣሁና መለስኩላት።

«እስከ ፋሲካ አንቺ ዘንድ ትቆይልኝ።»

«ለምን? ደረሱ እኮ!»

«ዳንስ ነው ብለሽኛል።»

«እማማ፣ ማንም አይደንስባትም እኮ። ሰዎቹ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው።»

«እኔ አውቄዋለሁ። ካወቅኩ በኋላ አይሆንም። የጾም የሆነ ነገር ስጪኝ።»

የጾም የሆነ ነገር አልነበራትም። እኔ ግን አንድ ነገር በልቤ ገብቶ ነበር። ከእኔ በፊት የሚማር አንድ ጎልማሳ የሚጫወተው ሙዚቃ ነው፤ በጣም ቀስ ያለ፣ ከታች ከወፍራሞቹ ቁልፎች የሚነሣ፣ ሲሰሙት ራስ የሚያስደፋ። ተራዬን ስጠብቅ ኮሪደሩ ላይ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ለጾም የሚስማማ እርሱ ነው አልኩ።

«እርሱ ለእጅዎ ይሰፋል» አለችኝ። «ግራ እጅ ስምንት ቁልፍ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ቦታ ከዚያም በላይ። ድምፁን የሚያራዝመውን ፔዳል በእግር ካልረገጡት ይቆራረጣል፤ ከረገጡት ይደባለቃል።»

«ቀስ ያለ ነው። ቀስ ያለ ምን ያስቸግራል?»

ቀስ ያለ ሙዚቃ ቀላል የሚመስለው ለሚሰማው ሰው መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ፈጣኑ ስሕተትን ይዞት ይሮጣል። ቀስ ያለው ስሕተትን መሐል ሜዳ ላይ አቁሞ ለሰው ያሳያል።

ለእህቴ በስልክ ነገርኳት። በስልክ ስንነጋገር ሁለታችንም እየጮህን ነው።

«ትንሿን ለጾሙ ተውኳት!»

«ምኗን ተውሽ?»

«ሙዚቃዋን! ዳንስ ናት!»

«ኧረ አንቺ ልጅ! ሥጋ አላት እንዴ?» ስትስቅ ሰማኋት። «በይ እንግዲህ፣ ጆሮዬንም ለፋሲካ እግዜር ያቆይልሽ!»

እንደ ቀልድ ነው የወሰድኩት። እርሷም እንደ ቀልድ ነው ያለችው።

ፋሲካ አለፈ። አስተማሪዬ ትንሿን ኖታ ፒያኖው ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። «ትፈስክ እንጂ፣ እማማ» አለችኝ። እኔ ግን የትልቁን ሁለተኛ ገጽ ጀምሬ ነበር። ይህን ልጨርስና እመለስባታለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ወደ ትንሿ መመለስ ከክፍል መውረድ መሰለኝ። ቀና ብዬ ወጥቼ ወደ ታች?

በዚያ ክረምት ሰፈራችን መብራት ይጠፋ ነበር። በዙሪያችን ሕንፃ የሚሠሩት ሰዎች ጄኔሬተራቸውን ያስነሣሉ፤ የእኔ ኪቦርድ ግን ድምፁ ይሞታል። ሆኖም ተቀምጬ ዝም ባሉት ቁልፎች ላይ እለማመድ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከሁሉ የጎዳኝ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ድምፅ በሌለው ኪቦርድ ላይ ትልቁ ሙዚቃ ያለ አንዲት ስሕተት ይሄዳል፤ በጭንቅላቴ ውስጥ የሚሰማኝ ያ ጎልማሳ የሚጫወተው እንጂ የእኔ አይደለም። መብራት ሲመጣ የማገኘው ሌላ ነው። እኔም መብራቱን እንጂ ራሴን አልወቀስኩም።

ትንሿን በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አልተጫወትኳትም። የት ትሄድብኛለች አልኩ።

ጥቅምት ላይ አስተማሪዬ ተማሪዎቿ ለቤተሰብ የሚጫወቱበት የቅዳሜ ከሰዓት ዝግጅት እንዳሰበች ነገረችኝ። እህቴን እንድጋብዝም አሳሰበችኝ። የጆሮዋን ነገር ታውቅ ስለነበር ወዲያው «ትንሿን እናድሳት፤ ሦስት ሳምንት ይበቃናል» አለች።

«ሌላ ማን ነው የሚጫወታት?» አልኳት። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም። ምናልባት አንድ ቀን ከደረጃው ስወርድ ትንሿ ሙዚቃ ከኋላዬ ከቤቱ ስትሰማ ጠርጥሬ ይሆናል።

«ትንሿ ልጅ አለች፤ ነጭ ካልሲ የምታደርገው። እርሷ መጀመሪያ፣ እርስዎ መጨረሻ ብትጫወቱ ያምራል እኮ!»

ለእኔ አላማረኝም። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ወለል የማይደርስ እግር ያላት ልጅ የተጫወተችውን፣ በዚያው ቀን፣ በእናቶቹ ፊት፣ ከእርሷ ቀጥዬ ስጫወት ታየኝ። ከእርሷ ብሻል ምን ይደንቃል? ባንስስ? ሰው ምን ይላል ማለት ዕድሜ ሲገፋ ይቀራል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ላይ አልቀረም።

«ትልቁን ነው የምጫወተው» አልኳት።

«እማማ፣ እህትዎ የሚሰሙት ትንሿን ነው። በዚያ የመስሚያ መሣሪያ ወፍራም ድምፅ ከፔዳል ጋር ሲመጣ ለእርሳቸው አንድ ላይ ጉርምርምታ ነው።»

«ትሰማለች።»

ኖታዎቹን ሰብስባ ጠርዛቸውን ጠረጴዛው ላይ አስተካከለች። «እንግዲህ ምርጫው የእርስዎ ነው» አለች።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ብዙ ቆይቼ ነው። የእህቴ ጆሮ አሁን ጨርሶ ተዘግቷል። ስንገናኝ በእጅና በከንፈር እንግባባለን፤ ያልገባትን ልጇ ስልኳ ላይ በትልቅ ፊደል ጽፋ ታሳያታለች። እኔ ትንሿን ሙዚቃ ዛሬ በደንብ እጫወታታለሁ። እንቅፋት የለባትም። አንድ ሰው በትልቅነቱ ፒያኖ ሊጀምር አስቦ ምን ልምረጥ ቢለኝ፣ እጅህን የማይለጥጠውን፣ የሚሰማህ ሰው የሚሰማውን፣ ዛሬ የምትጨርሰውን እለዋለሁ። የጠየቀኝ ግን የለም።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። እህቴን ልጇ ከነፋስ ስልክ በታክሲ አመጣቻት። አዲስ ቀሚሷን ለብሳለች። ከመቀመጧ በፊት መሣሪያውን ነካክታ ለአስተማሪዬ «ዛሬ ባትሪው አዲስ ነው» አለቻት።

መጀመሪያ የተጠራችው ነጭ ካልሲ ያደረገችው ልጅ ናት። ወንበሩ ላይ ትራስ ተጨመረላትና ትንሿን ሙዚቃ ጀመረች። እንደ ልጅ ነው፤ ቸኮል ቸኮል ትላለች። እህቴ ወደ ፊት ተጠጋች። ጣቷ ጉልበቷ ላይ በሦስት በሦስት መምታት ጀመረ። ልጅቱ ወደ ግማሹ ስትደርስ እህቴ፣ ጆሮ የከበደው ሰው እንደሚያደርገው፣ ሳሎኑን በሚሞላ ድምፅ፣

«ይቺ ናት! ያንቺዋ ናት እኮ!» አለች ወደ እኔ ዞራ።

ሁሉም ወደ ወጥ ቤቱ በር አየ። ልጅቱ ደንግጣ እጇን አነሣች።

«እማዬ፣ ቀስ በይ» አለች የእህቴ ልጅ ጎንበስ ብላ።

«ምን አልኩ?»

ሳቅ ሆነ። ልጅቱ ልትቀጥል ብትሞክር ሳቁ አላስቀጥላት አለ፤ አስተማሪዬ «በኋላ ትደግሚዋለሽ» ብላ አስቀመጠቻት። ሌሎቹም ልጆች በየተራቸው ተጫወቱ። ከዚያ እኔ ተጠራሁ።

ትልቁን ሙዚቃ ተጫወትኩ። እስከ መጨረሻው ደርሻለሁ። እጄ የማይደርስባቸውን የታች ድምፆች ዘለልኳቸው፤ ገጹ ሲገለጥ ቆምኩ፤ ፔዳሉን ስረግጥ ሁሉም አንድ ላይ ተቀላቀለ። በዓይኔ ጫፍ እህቴን አያት ነበር። መጀመሪያ ወደ ፊት እንዳዘነበለች ነበረች። ቀጥሎ እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች፤ መሣሪያውን ጠመዘዘችው፤ መልሳ ጠመዘዘችው። በኋላ ጆሮዋን ትታ እጆቼን ታይ ጀመር። መጨረሻ ላይ ማለቁን ለማወቅ የአስተማሪዬን ፊት ነበር የምታየው። ሰው ሲያጨበጭብ አይታ እርሷም አጨበጨበች።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ፣ እትዬ።»

«ጎበዝ። ከባድ ነው መሰለኝ፤ ላብ በላብ ሆንሽ።» ጆሮዋን አሳየችኝ። «እኔ የሰማሁት ውሃ ሲፈላ ነው። መሣሪያው ይሆናል። አሁን ያችን ተጫወችልኝ፤ ትንሿን።»

አስተማሪዬ የትንሿን ኖታ ፊቴ አስቀመጠችው። እጄን አሳረፍኩ። የመጀመሪያው መስመር መጣ። ሁለተኛው ላይ ጣቶቼ ቆሙ። ኖታው ፊቴ ነበር፤ ነገር ግን እንደማያውቀው ሰው ነበር የማነበው። እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣሁ። እዚያው ቦታ ቆምኩ።

«እዛ ጋ ግራ እጅ ይቀየራል፣ እማማ!» አለች ልጅቱ ከሶፋው። «ላሳይዎት?»

«ዝም በይ አንቺ!» አለች እናቷ።

በሩ አጠገብ የቆሙት አባቶች ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም።

«ምን አለች?» አለች እህቴ።

ልጇ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብላ «ላሳያት ነው ያለችው» አለቻት።

«ታሳያት እንጂ! ምን አለበት? እኔንስ ስልክ መንካት ያስተማሩኝ የልጅ ልጆቼ አይደሉ?»

ልጅቱ ከሶፋው ዘላ ወርዳ መጣች። ተነሣሁላት። ትራሱን ራሷ አምጥታ ተቀመጠችበትና ትንሿን ሙዚቃ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እኔ የቆምኩበትን አለፈችው፤ ሁለተኛውን ግማሽ ገባች፤ መሰላሉን ወጥታ ተመለሰችና ጨረሰችው። እህቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ጣቷ ጉልበቷ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተም።

ጭብጨባው ሲያልቅ ዓይኗን ገልጣ ልጅቱን ጠራቻትና ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብላ፣

«እንዲህ ነው ለካ መጨረሻዋ» አለች። «ደስ ስትል።»

አስተማሪዬ ለልጆቹ ብስኩት ልታቀርብ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ነጠላዬን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አነሣሁ። እህቴን ጉንጯን ሳምኳት። በሩ ላይ ጫማዬን አደረግኩ፤ አባቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ፤ ወጣሁ።